ወለተ ጴጥሮስ፦ በአዋጅ ያልጸናውን አንድነት በአገልግሎት ያኖረች የጣና እናት

ከባሕር ዳር ተነስቶ የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ተከትሎ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ በደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳ ውስጥ ቆራጣን ያገኛል። ቆራጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በንግዷና በቡናዋ ስሟ የገነነ ከተማ እንደነበረች የታሪክ መዛግብት ያስረዳሉ። ከንግዷ ይልቅ ስሟን ለዘመናት አስከብሮ ያቆየው ግን በአንዲት ሴት ስም የተሰየመው ገዳሟ ነው። የንጉሥ ቁጣ የወረደበት፣ ቅጣት የሚያሳድደው ሰው ሸሽቶ የሚማጸንባት፣ ከደጃፏም በጉልበት የማይወሰድባት የመማጸኛ ሥፍራ ሆና ኖራለች። ሥፍራዋን ለዚህ ክብር ያበቃችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት።

ወለተ ጴጥሮስ በብዙዎች ዘንድ የምትታወቀው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የካቶሊክ ሃይማኖት በአገሪቱ ላይ በአዋጅ እንዲጫን በተወሰነ ጊዜ አልቀበልም ብላ በመቆሟ ነው። ይህ የሕይወቷ ገጽ እውነት ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። ዘመኑ ክርስቲያን በክርስቲያን ላይ ሰይፍ የመዘዘበት፣ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት በእምነት ምክንያት የተለያዩበት ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን የተበተኑትን ሰብስባ በአንድ ማዕድ ያኖረችበት፣ የታመመውን ያስታመመችበት፣ ከባለርስትነት ወደ አገልጋይነት ዝቅ ያለችበት ሕይወቷ ከተቃውሞዋ ባልተናነሰ ሊታወስ የሚገባው ነው።

ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ በ1592 ከባሕር ሰገድና ከክርስቶስ ዕበያ ተወለደች። ቤተሰቧ በዘር የተላለፈ ርስት የነበረው፣ አባቷና ወንድሞቿም ለቤተ መንግሥቱ ቅርበት የነበራቸው ሹማምንት ነበሩ። እንደ ዘመኑ ልማድ ገና በልጅነቷ ከአፄ ሱስንዮስ ታላላቅ አማካሪዎች አንዱ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ይህ መልክአ ክርስቶስ ኋላ በላስታ በአፄ ሱስንዮስ ላይ ካመፀው ስመ ሞክሼው ጋር መምታታት የለበትም። በትዳሯ ሦስት ልጆች ብትወልድም ሁሉም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ሹመትም ሀብትም ሊያጽናናው ያልቻለው ይህ ሐዘን ልቧን ወደ ምንኩስና እንዲያዘነብል ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ እንደነበረ ከገድሏ መረዳት ይቻላል።

የወለተ ጴጥሮስን ሕይወት ለመረዳት የዘመኑን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። አፄ ሱስንዮስ ወደ ዙፋን የወጡት ረጅም የሥልጣን ሽኩቻ ካካሄዱ በኋላ ነበር። ግዛታቸው በውስጥ አመፅና በድንበር ውጊያ የተወጠረ በመሆኑ የነገሥታቱን ሥልጣን የሚያጠናክር መንገድና ከውጭ የሚመጣ ወታደራዊ እርዳታ ይሹ ነበር። በዚህ ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት በንጉሡ ዘንድ ተደማጭነት አገኙ። ከእነርሱም መካከል እ.ኤ.አ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ስፔናዊው አባ ፔሮ ፓኤዝ ይገኙበታል። አባ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ ተምረው፣ የአገሩን ባህል አክብረው፣ ከመኳንንቱና ከሊቃውንቱ ጋር በትዕግሥት እየተወያዩ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ የሠሩት ሕንፃ ፍርስራሽ፣ በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚታየውና ከስማቸው ጋር ተያይዞ የሚነገረው ጥንታዊ ግንብ ያንን ዘመን ያስታውሳሉ።

ይሁን እንጂ ንጉሡ ወደ አዲሱ እምነት ማዘንበላቸው እየታወቀ ሲሄድ በቤተ ክህነትና በመኳንንቱ ዘንድ ቅሬታው ገነነ። እ.ኤ.አ በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስ አመፀ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ አቡነ ስምዖንም ከአመፀኞቹ ጋር ቆሙ። አመፁን ለመደምሰስ ከዘመቱት የንጉሡ ሹማምንት አንዱ የወለተ ጴጥሮስ ባል ነበር። እርሱ በዘመቻ ላይ ሳለ ወለተ ጴጥሮስ ቤቷን ትታ በጣና አካባቢ ወደሚገኝ የመነኮሳት መኖሪያ ሸሸች።

መልክአ ክርስቶስ ሚስቱን ለማስመለስ በወታደሮቹ ተጠቀመ። ተሸሽጋባት የነበረችው ሥፍራ ነዋሪዎች የዘመኑ ወታደር በባላገር ላይ የሚያደርሰው ዝርፊያና ጥፋት ደረሰባቸው። ወለተ ጴጥሮስ በዚህ ጊዜ የወሰደችው ውሳኔ በሕይወቷ ውስጥ ልዩ ትርጉም ያለው ነው። ራሷን ማዳን ትችል ነበር። ነገር ግን በእርሷ ምክንያት ምንም ያልበደለ ሕዝብ እንዲጎዳ አልፈቀደችም። ሽማግሌ ገብቶ ሲለምናትም የልቧን ፍላጎት ወደ ኋላ ትታ ወደ ባሏ ቤት ተመለሰች። ስለ ሌላው ሕዝብ ደኅንነት ሲባል የራስን ነፃነት አሳልፎ የመስጠት ምግባር ከገዳም ደንብ ሳትማረው በፊት በተግባር የታየባት እዚህ ላይ ነው።

የተመለሰችው ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። በዘመቻው ዮልዮስና አቡነ ስምዖን መገደላቸውን፣ በዚህም ጉዳይ የባሏ እጅ እንዳለበት ስትረዳ አብራው መኖር አልተቻላትም። የቤተ ክርስቲያን አባት ደም በፈሰሰበት ዘመቻ ከተሳተፈ ሰው ጋር አንድ ማዕድ መቁረስ ለእርሷ ከኅሊና ጋር መጣላት ነበር። በመጨረሻ ትዳሯን ትታ እ.ኤ.አ በ1617 በ25 ዓመቷ መነኮሰች። በዚህ ጊዜ ገደማ እንደ እርሷ ቤቷን ትታ ከመነኮሰችው ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ተገናኘች። ሁለቱ ሴቶች እስከ ዕለተ ሞት ያልተለያዩ የመንፈስ እኅቶችና የሥራ አጋሮች ሆኑ።

የወለተ ጴጥሮስ የምንኩስና ሕይወት የጀመረው በትምህርት ወንበር ወይም በእመምኔትነት ሳይሆን በጉልበት ሥራ ነው። በአባቷ ቤትም በባሏም ቤት ገረዶችና አሽከሮች ያገለግሏት የነበረች እመቤት እህል መፍጨት፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም ጀመረች። በዚያ ዘመን የመኳንንት ሚስት ወፍጮ ላይ ተንበርክካ ማየት ለተመልካቹ ዓለም እንደተገለበጠ ያህል የሚቆጠር ነበር። በኋላ ብዙ ሰው ሊከተላት የቻለው ስለ ትሕትና በመናገሯ ብቻ ሳይሆን ትሕትናን በእጇ ስለሠራችው ነው።

በዚህ መካከል የአገሪቱ ሁኔታ እየከፋ ሄደ። አፄ ሱስንዮስ አዲሱን እምነታቸውን በይፋ ገለጹ፤ ቀድሞ የነበረው ትምህርትም እንዳይሰበክ ተከለከለ። እ.ኤ.አ በ1622 አባ ፔሮ ፓኤዝ አረፉ። በ1625 ፓትርያርክ ሆነው የመጡት ፖርቱጋላዊው አልፎንሶ ሜንዴዝ የቀዳሚያቸውን ትዕግሥት አልያዙም። በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ በደንቀዝ ለሮማው ሊቀ ጳጳስ መገዛታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ አዲስ እንዲባረኩ፣ የቅዳሜ ሰንበት መከበሩ እንዲቀር፣ በዓላትና አጽዋማትም በሮማ አቆጣጠር እንዲውሉ ታዘዘ።

የትእዛዙ ዓላማ ክርስቲያኖችን አንድ ማድረግ ተብሎ ነበር። በባላገሩ ጆሮ የተሰማው ግን ሌላ ነው። አባቶቹ የተጠመቁት ጥምቀት ጥምቀት እንዳልነበረ፣ ካህኑ ካህን እንዳልሆነ፣ ሲሳለመው የኖረው ደጀ ሰላም ቅዱስ እንዳልነበረ የተነገረው መሰለው። አንድነት የተባለው ነገር የአንዱን ወገን ክብር በመፋቅ የሚገኝ ሆኖ ስለታየው በየአውራጃው አመፅ ተነሳ።

ወለተ ጴጥሮስ በዚህ ጊዜ ከገዳም ወጥታ በየቦታው እየተዘዋወረች ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና ታስተምር ጀመር። በዚህ ምክንያት በንጉሡ አደባባይ ቀርባ የሞት አደጋ ቢያንዣብብባትም በቤተ መንግሥት የነበሩ ዘመዶቿ ማልደው አስጣሏት። ከዚያ በኋላ ወደ ዋልድባ አቀናች፤ በዚያም የንጉሡ ስም በቅዳሴ እንዳይጠራ እስከማሳሰብ ደረሰች። ይህ በወቅቱ የነበረውን ሥልጣን በቀጥታ የሚነካ ድፍረት ነበር።

እ.ኤ.አ በ1625 ዳግመኛ በንጉሡ ፊት ስትቀርብ ከሞት እንድትተርፍ የተከራከረላት ጥላው የሄደችው ባሏ መልክአ ክርስቶስ ነበር። በእምነትና በፖለቲካ በተቃራኒ ወገን የቆመ፣ በሚስቱም የተተወ ሰው እንዳትገደል መለመኑ በዚያ የጭካኔ ዘመንም ርኅራኄ ከሰው ልብ ፈጽሞ እንዳልጠፋ ያሳያል። በእርሱ ምክር ወለተ ጴጥሮስ ወደ ፓትርያርክ ሜንዴዝ ተላከች። ፓትርያርኩ ለወራት ሊያሳምኗት ቢጥሩም ከአቋሟ ፈቀቅ አላለችም። በመጨረሻም ወደ ምዕራቡ ቆላ ዠበይ ወደተባለ ሥፍራ ለሦስት ዓመት በግዞት እንድትኖር ተፈረደባት።

ለደጋ ሰው የምዕራቡ ቆላ ሙቀትና በሽታው ከሞት ፍርድ ብዙም የማይለይ ነበር። ግዞቱ የታሰበው ወለተ ጴጥሮስን ከሕዝብ ለመነጠልና ድምጿን ለማጥፋት ቢሆንም ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። በእምነቱ ምክንያት ቤት ንብረቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው ሁሉ ወዳለችበት ይጎርፍ ጀመር። ዠበይ የመጀመሪያው ማኅበሯ የተመሠረተበት ቦታ ሆነ። እንግዲህ የተሰደደውን የመሰብሰብ ሥራዋ የተጀመረው ራሷ ስደተኛ በነበረችበት ጊዜ ነው።

የግዞት ዘመኗ ሲያበቃ ወደ ጣና ተመለሰች። በሐይቁ ዙሪያ በጫንቋ፣ በምጽሌ፣ በዘጌ፣ በደምቦዛ፣ በአፈር ፈረስና በዛምቦል በተለያዩ ጊዜያት ማኅበራትን አቋቁማለች። ከዠበይ ጋር ሰባት መሆናቸው ነው። ማኅበሩ በአንድ ቦታ ተክሎ የሚኖር አልነበረም። ወረርሽኝ ሲገባ ወይም የአሳዳጅ ሥጋት ሲመጣ ድውዩንና አረጋዊውን፣ መጻሕፍቱንና ስንቁን በታንኳ ጭኖ ከዳር ወደ ዳር ይሻገር ነበር። በደንገል ታንኳ ሰፊውን ጣና ማቋረጥ ምን ያህል አስጊ እንደሆነ የሐይቁ ሰው ያውቀዋል። ሥርዓተ ማኅበሩ ሳይፈርስ ይህን ያህል ሰው ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ማዘዋወር ከጸሎት ጋር ከፍተኛ የአስተዳደር ችሎታም የሚጠይቅ ነበር።

በማኅበሩ ውስጥ ሴቶችም ወንዶችም ነበሩ። መሪዎቹ ግን ወለተ ጴጥሮስና እኅተ ክርስቶስ ሲሆኑ ይህ በዘመኑ እምብዛም ያልተለመደ ነበር። የመኳንንት ልጅና የገበሬ ልጅ፣ ባለርስት የነበረችና ገረድ የነበረች በአንድ ሥርዓት ይተዳደሩ ነበር። ንብረት የጋራ ነው፤ የግል የሚባል የለም። እመምኔቷም ከሥራው ተለይታ አልተቀመጠችም።

ለክርስቶስ ምግባር ቅርብ የሆነው ገጽታዋ ይህ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። በዘመኑ ሊቃውንት በየጉባኤው ስለ ባሕርየ ክርስቶስ ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ ቀላል ጉዳይ ባይሆንም በክርክር ብቻ የተራበ አይጠግብም፤ በወረርሽኝ የወደቀም አይነሳም። ወለተ ጴጥሮስ በእምነት ጉዳይ ከማንም ባላነሰ ጽኑ አቋም ነበራት። የአቋሟን እውነተኛነት ለተከታዮቿ ያረጋገጠላቸው ግን የታመመን ማስታመሟ፣ ያላትን ማካፈሏና ዝቅ ብላ ማገልገሏ ነበር።

የጣና ማኅበራት በዚህ ሁኔታ ሲኖሩ ከሐይቁ ማዶ ያለው አገር በደም ይታጠብ ነበር። ከሁሉም የከፋው እ.ኤ.አ በሰኔ ወር 1632 በወይና ደጋ የተካሄደው ውጊያ ነው። በላስታው መልክአ ክርስቶስ የተመራው የባላገር ጦር ተሸንፎ በሜዳው 8 ሺህ ያህል ሰው መውደቁ ተጽፏል። ድሉ የንጉሡ ነበር። ሆኖም በማግሥቱ መኳንንቱ ሬሳ የሞላውን ሜዳ እያሳዩ የሞቱት ባዕዳን ሳይሆኑ የገዛ ወገኖቻቸው ክርስቲያኖች መሆናቸውን፣ እንዲህ ያለው ድል ከሽንፈት እንደማይለይ ለንጉሡ ማስረዳታቸውን የዘመኑ ጸሐፊዎች ዘግበዋል።

አፄ ሱስንዮስ በዚህ ጊዜ ያደረጉት ውሳኔ በአገሪቱ የመንግሥት ታሪክ ከፍ ያለ ሥፍራ የሚሰጠው ነው። አሸንፈው ሳለ ስህተታቸውን ተቀበሉ። ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ በአዋጅ ፈቀዱ፤ ሥልጣናቸውንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር አርፈው በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ለራሳቸው ግን የተቀበሉትን እምነት እንደያዙ መሞታቸውን የካቶሊክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ።

አዋጁ ጦርነቱን ቢያስቆምም ቂምን ወዲያው አላጠፋም። አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ አዲሱን እምነት ይዘው የቀሩትም በተራቸው ስደትና ሞት ደረሰባቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷም በቀጣዮቹ ሁለት መቶ ዓመታት በቅባትና በጸጋ ክርክር ተከፋፍላ ቆይታለች። ክርክሩን ለመቋጨት አፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስከመጥራት ደርሰዋል። አንዱ ወገን ስላሸነፈ ብቻ አንድነት እንደማይገኝ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወለተ ጴጥሮስ ግን ስደቱ ካበቃ በኋላም ወደ ቤተሰቧ ርስት አልተመለሰችም። ማኅበሯን እየመራች፣ አዲስ መጪዎችን እየተቀበለች፣ በሐይቁ ዙሪያ ቆየች። ለሦስት ወር ያህል ታማ ከቆየች በኋላ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ በ1642 በ50 ዓመቷ አረፈች። ኃላፊነቱን የተረከበችው እኅተ ክርስቶስ እ.ኤ.አ እስከ 1649 ድረስ ማኅበሩን መርታለች። ብዙም ሳይቆይ አፄ ፋሲለደስ በቆራጣ በስሟ ለሚተከለው ገዳም ርስት ሰጡ። የአባታቸው መንግሥት በግዞት የሰደዳት ሴት በልጁ ዘመን ርስት ተተከለላት።

የሕይወት ታሪኳን ለትውልድ ያቆየው ገላውዴዎስ የተባለ የማኅበሩ መነኩሴ ነው። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ በ1672 የሚያውቋትን ሰዎች ምስክርነት አሰባስቦ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ በ1912 የግዕዙን ጽሑፍ ያሳተሙት ሲሆን ገድሉ በ1970 በጣሊያንኛ፣ በ2015 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። በአፍሪካ የአንዲት ሴትን ሕይወት በሰፊው ከሚተርኩ ቀደምት መጻሕፍት አንዱ በመሆኑ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠና ሥራ ሆኗል።

ከዚያ ዘመን ወዲህ በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለው ግንኙነት በእጅጉ ተለውጧል። በአንድ ወቅት በሰይፍ የተፈላለጉት ኦርቶዶክሳውያንና ካቶሊካውያን፣ ከሙስሊሙና ከወንጌላውያን ወገኖቻቸው ጋር በኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለመቀመጥ በቅተዋል። እ.ኤ.አ በየካቲት 2016 ፓትርያርክ አቡነ ማትያስና ሊቀ ጳጳስ ፍራንሲስ በቫቲካን ተገናኝተው ተወያይተዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝ ነፃነት እንዳለው ደንግጓል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በወይና ደጋ ሜዳ በከባድ ዋጋ የተገኘው ትምህርት በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

ሕግ ግን የሰውን ኅሊና ከመደፈር ይጠብቃል እንጂ ሰዎችን እርስ በርስ አያፋቅርም። ፍቅሩ የሚመጣው በየዕለቱ ከሚሠራ ሥራ ነው። የበላይ የሆነው የበታቹን ሲያገለግል፣ አቋም ያለው ሰው አቋሙን ሳይለቅ ለተቃራኒው ሲራራ፣ ሥልጣን ያለውም በእርሱ ምክንያት ንጹሕ ሰው እንዳይጎዳ ሲጠነቀቅ ይገኛል። ዜጎችን በእምነትና በወገን ሳይለይ የማገልገል አደራ ለተሰጠው የመንግሥት ሠራተኛና የሥራ ኃላፊ ይህ ከታሪክነት አልፎ የሥራ መመሪያ ሊሆን ይችላል።

ቆራጣ የመማጸኛ ሥፍራ ሆና መኖሯ ከዚህ አንጻር የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስልም። ወለተ ጴጥሮስ በወጣትነቷ ከተሸሸገችበት የወጣችው ሌሎች ከወታደር እንዲድኑ ነበር። ካረፈችም በኋላ ስሟ የተጠራበት ደጃፍ የሸሸውን ሁሉ፣ ጥፋተኛም ይሁን ንጹሕ፣ ከወታደር የሚያስጥል ሆኗል። የዘመኑ አዋጆች ከታወጁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተሽረዋል፤ በአዋጁ የጸኑ ግንቦችም ፈርሰው በጣና ዳር ይታያሉ። ያለ ሠራዊትና ያለ ግምጃ ቤት የተመሠረተው የወለተ ጴጥሮስ ማኅበር መታሰቢያ ግን ከ380 ዓመት በኋላም በቆራጣ ስሟ ሳይጠፋ ቆይቷል።